ፊውዝ ላይ ፋይል ሲስተም ስንጽፍ ስለ ኤረር ኮድ ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፊውዝ ሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) 2.6.14 ላይ ከገባ (2005 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከርነል ሳንነካ የራሳችንን ፋይል ሲስተም እንደ ተራ ፕሮግራም መጻፍ እንችላለን፣ ክላውድ ስቶሬጅም ይሁን ዳታቤዝ ወይ ዚፕ ፋይል እንደ ፎልደር ማውንት ተደርጎ ይታያል። ችግሩ የሚመጣው የሆነ ነገር ሲበላሽ ነው። እኛ ኮድ ውስጥ ያሉት ኤረሮች ብዙ ዝርዝር አላቸው፣ ቶከኑ ኤክስፓየር አድርጓል፣ ሰርቨሩ 503 (ለጊዜው አልችልም) መለሰ፣ ቼክሰሙ አልገጠመም፣ ሎክ ተይዟል ምናምን፣ ከርነሉ ግን ከኛ የሚቀበለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። እና ብዙ ሰው ያንን ቁጥር የሚመርጠው "ውስጥ ምን ተፈጠረ?" ብሎ ነው፣ መጠየቅ ያለበት ግን "ይሄን ቁጥር ያየው ፕሮግራም ቀጥሎ ምን ያደርጋል?" ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚህ ነው የሚመጡት።

"ስህተት ካለ -1 መመለስ በቂ ነው"

አይደለም። የሊብፊውዝ (ፊውዝ ላይ የምንጽፍበት ላይብረሪ) ሃይ ሌቭል ኤፒአይ ላይ የሚመለሰው የኤርኖ (ሲስተሙ ለየኤረሩ የሰጠው መለያ) ቁጥር ኔጌቲቩ ነው፣ 1 ደግሞ ኢፐርም ስለሆነ -1 ስትመልሱ ተጠቃሚው የሚያየው "ይሄ ኦፕሬሽን አይፈቀድም" የሚል መልእክት ነው። ሰውየው ከዛ በኋላ ፐርሚሽን ሲያስተካክል፣ ሱዶ ሲሞክር ይውላል፣ የተበላሸው ግን ኔትወርኩ ነው። ምልክቱን ረስቶ ፖዘቲቭ መመለስ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፣ ምክንያቱም ሪድ ላይ ፖዘቲቭ ቁጥር ማለት የተነበበ ባይት ብዛት ነው። ፋይል የለም ለማለት 2 (ኢኖኤንት) ብትመልሱ "ሁለት ባይት አንብቤያለሁ" ነው ያላችሁት፣ ፕሮግራሙም ቆሻሻ ሁለት ባይት ይዞ ደስ ብሎት ይቀጥላል። ሎው ሌቭል ኤፒአይ ላይ ግን ተቃራኒው ነው፣ ኤረር መላኪያው ፈንክሽን ፖዘቲቭ ቁጥር ነው የሚጠብቀው፣ ስለዚህ ኮድ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትገለብጡ እያንዳንዱን መስመር እዩት።

የኤችቲቲፒ ቁጥሩን በቀጥታ የሚመልሱም አሉ። -503 ብትልኩ ማንም አያቆማችሁም፣ ሾልኮ ያልፍና ፕሮግራሙ "ያልታወቀ ኤረር 503" ብሎ ያሳያል፣ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን የሚያውቅ ፕሮግራም የለም። ሲ ላይ ለምትጽፉ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሲስተም ኮል ፌል ሲያደርግ ሎግ ከመጻፋችሁ በፊት ኤርኖን ወደ ራሳችሁ ቫሪያብል ገልብጡት፣ ሎግ የሚጽፈው ፈንክሽን ራሱ ሊቀይረው ይችላል።

"ላገኘው ካልቻልኩ ኢኖኤንት ነው"

ከሁሉም አደገኛው ይሄ ነው ባይ ነኝ፣ ዳታ የሚያጠፋው እሱ ስለሆነ። "የለም" እና "መኖሩን ማወቅ አልቻልኩም" ፈጽሞ የተለያዩ መልሶች ናቸው። ኢኖኤንት ስትሉ ስለ ዓለም የምትናገሩት እርግጠኛ ነገር ነው፣ ፋይሉ የለም ማለት ነው፣ የጠየቀው ፕሮግራምም አምኖ ይንቀሳቀሳል። ሴቲንግ ፋይሉን ያጣው አፕ በዲፎልት አዲስ ይፈጥርና ኔትወርኩ ሲመለስ የድሮው ላይ ይጽፍበታል፣ የማመሳሰያ ፕሮግራም ፋይሉ ተሰርዟል ብሎ ሌላኛው ጋር ያለውን ኮፒም ይሰርዘዋል። ሁሉም በተነገራቸው መሰረት ትክክል ነው የሰሩት፣ የዋሸው ፋይል ሲስተሙ ነው።

ሳይታወቅ እንዴት እንደሚከሰት ደግሞ እዩ። ፓይተን ላይ የዶሜን ስም አልፈታ ሲል የሚነሳው ኤክሰፕሽን የኦኤስኤረር ልጅ ነው፣ ስለዚህ ኦኤስኤረርን በጅምላ የሚይዝ ኮድ እሱንም ይይዘዋል። ግን ውስጡ ያለው ቁጥር የኤርኖ ቁጥር አይደለም፣ ሊኑክስ ላይ ስሙ ካልተገኘ -2 ነው። አንድ ሰው ምልክቱን "ለማስተካከል" አብሶሉት ቫልዩ ከወሰደ 2 ይሆናል፣ 2 ደግሞ ኢኖኤንት ነው። በቃ፣ ዲኤንኤስ ለሰላሳ ሰከንድ ስሙ የለም ብሎ ቢመልስ ማውንቱ ላይ ያለ ፋይል ሁሉ "ጠፋ" ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ከመውሰዳችሁ በፊት የኤክሰፕሽኑን ዓይነት ለዩ።

ለኔጌቲቭ መልስ ካሽ ካበራችሁ ደግሞ ከርነሉ "የለም" የሚለውን ይዞ እስከ ታይምአውቱ ድረስ ተመልሶ አይጠይቃችሁም፣ ኔትወርኩ ቢመለስም ውሸቱ ይቆያል።

በተገላቢጦሹም አለ። የአማዞን ክላውድ ስቶሬጅ ኤስ3 ላይ ባኬቱን (ፋይሎቹ ያሉበትን ማስቀመጫ) ሊስት የማድረግ ፈቃድ ከሌላችሁ ለሌለ ነገር የሚመጣው 404 (የለም) ሳይሆን 403 (ፈቃድ የለም) ነው። እሱን በቀጥታ ወደ ኢአክሰስ (13) ከቀየራችሁት አዲስ ፋይል መፍጠር አይቻልም፣ ምክንያቱም ከመፍጠሩ በፊት ከርነሉ ስሙን ሉክአፕ ያደርጋል (አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል)፣ እዛው ላይ ኤረር ያገኝና ይቆማል። እዚህ ጋ መፍትሄው ኮዱን መቀየር ሳይሆን ማውንት ሲደረግ ፈቃዱን ቼክ አድርጎ ለተጠቃሚው በግልጽ መንገር ነው።

"ያላወቅኩትን ሁሉ ኢአይኦ ብል ምንም አይጎዳም"

ግማሹ እውነት ነው፣ ለማይታወቅ ነገር ዲፎልት መሆን ያለበት ኢአይኦ (5፣ "የማንበብ ወይ የመጻፍ ስህተት") ነው፣ ለዛ የተሻለ የለም። ግን ለሚታወቀው ነገር ስንፍና ነው። ቦታ ካለቀ 28 ኢኖስፔስ አለ፣ ኮታ ካለቀ 122 ኢዲኮት አለ፣ ማውንቱ ለንባብ ብቻ ከሆነ 30 ኢሮኤፍኤስ አለ። ኤክስቴንድድ አትሪቢውት (ፋይል ላይ የሚለጠፍ ተጨማሪ መረጃ) ላይ ደግሞ አትሪቢውቱ ከሌለ 61 (ኢኖዳታ)፣ የተሰጠው በፈር ከጠበበ 34 (ኢሬንጅ) ነው የሚጠበቀው፣ ኢሬንጅን ያየ ፕሮግራም በፈሩን አስፍቶ ደግሞ ይጠይቃል፣ ኢአይኦ ብትሉት ግን ፋይል ኮፒው ራሱ በማያስፈልግ ምክንያት ሊቋረጥ ይችላል።

ኢአይኦ ቀላል ኮድም አይደለም። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዲፎልት ኤፍሲንክ (ዳታው ዲስክ ላይ መጻፉን የሚያረጋግጠው ኮል) ኤረር ከመለሰ ሆን ብሎ ራሱን ክራሽ አድርጎ ከሎጉ ሪከቨር ያደርጋል፣ ምክንያቱም ከኤረሩ በኋላ ዲስኩ ላይ ምን እንዳለ ማመን አይቻልም። ለሁለት ሰከንድ የተቋረጠን ኔትወርክ በኢአይኦ ብትተረጉሙት ሙሉ ዳታቤዝ ጣላችሁ ማለት ነው። መጀመሪያ እናንተው ውስጥ ድጋሚ ሞክሩ፣ ተስፋ ስትቆርጡ ብቻ ኢአይኦ በሉ።

"ጊዜያዊ ነገር ከሆነ ኢአጌን ወይም ኢኢንትር ብል ራሱ ይደግመዋል"

ኢአጌን (11፣ "ቆይተህ ሞክር") ተራ ፋይል ላይ ማንም አይጠብቀውም፣ ብዙው ፕሮግራም እንደማንኛውም ኤረር ቆጥሮት ይወጣል። ኢኢንትር (4፣ "ኮሉ ተቋርጧል") ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ ፓይተን ከ3.5 ጀምሮ ኢኢንትር ሲያይ ኮሉን በራሱ ይደግመዋል፣ ሰርቨሩ ካልተነሳ እናንተም ኢኢንትር፣ እሱም ድጋሚ፣ መጨረሻ የሌለው ሉፕ ነው። ኢኢንትር የሚመለሰው ከርነሉ ጥያቄው ይቋረጥ ብሎ ሲነግራችሁ ብቻ ነው።

"ኢኖሲስ ማለት 'ለዚህ ፋይል አልደግፍም' ማለት ነው"

ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ሲያውቅም ይደነግጣል። ኢኖሲስ (38) ለብዙ ኦፕሬሽኖች "ይሄን ነገር ጭራሽ አልሰራሁትም" ማለት ነው፣ ከርነሉም ይመዘግብና ማውንቱ አንማውንት እስኪደረግ ድረስ ያንን ጥያቄ ሁለተኛ አይልክላችሁም፣ ለአንድ ፋይል ብቻ ሳይሆን ለሁሉም። ኤፍሲንክ ላይ ደግሞ ይባስ ብሎ ከርነሉ እንደ ስኬት ነው የሚቆጥረው። አስቡት እስቲ፣ የኤረር መቀየሪያ ፈንክሽናችሁ ያላወቀውን ሁሉ ወደ ኢኖሲስ የሚወስድ ከሆነ እና አንድ ቀን ኤፍሲንክ ውስጥ ያልታሰበ ኤረር ቢነሳ፣ ከዛች ደቂቃ ጀምሮ ማውንቱ ላይ ያለ ኤፍሲንክ ሁሉ ምንም ሳይሰራ "እሺ" ይላል። ሎግ ላይም ምንም የለም፣ ጥያቄው እናንተ ጋ አይደርስማ። ለአንድ ፋይል ብቻ የማይሆን ነገር ከሆነ 95 (ኢኦፕኖትሰፕ፣ "አይደገፍም") በሉ።

በነገራችን ላይ ሆን ብሎ ሲሆን ኢኖሲስ ጥሩ መሳሪያ ነው። ኤክስቴንድድ አትሪቢውት ጭራሽ ከሌላችሁ አንዴ ኢኖሲስ ብትሉ የማይረባ ጥያቄ ሁሉ ይቀርላችኋል፣ ፍጥነቱም ይታወቃል።

"የአጻጻፍ ኤረርን ሪሊዝ ላይ ብነግረውም ይደርሳል"

አይደርስም። ፋይሉ ሲዘጋ ሁለት ነገር ይመጣል፣ ፍላሽ እና ሪሊዝ። ክሎዝ የጠራው ፕሮግራም የሚያየው የፍላሽን መልስ ነው፣ የሪሊዝ ኤረር ይጣላል። ስለዚህ አፕሎዱን ሪሊዝ ውስጥ የሚያደርግ ፋይል ሲስተም ፌል ቢያደርግ እንኳን ተጠቃሚው "ኮፒው ተሳክቷል" ብሎ ኦሪጅናሉን ይሰርዛል። አፕሎዱን ፍላሽ ወይ ኤፍሲንክ ላይ ጨርሱ። ፍላሽ የተከፈተው ፋይል ዲስክሪፕተር (መያዣ ቁጥሩ) ዱፕ (ኮፒ) ከተደረገ ለአንድ ኦፕን ከአንዴ በላይ ሊመጣ እንደሚችል ግን አትርሱ፣ ሁለተኛው ጥሪ የመጀመሪያውን ኤረር እንዳይሸፍነው።

"ሪድ መሃል ላይ ከተቋረጠ ያገኘሁትን ያህል ልመልስ"

በፍጹም። ከፋይሉ መጨረሻ ውጪ አጥሮ የመጣ ሪድ ለከርነሉ ኤረር አይደለም፣ እንደ ማውንት ሴቲንጉ ወይ ቀሪው በዜሮ ይሞላል ወይ ፋይሉ እዛ ጋ ያለቀ ይመስላል። ዜሮ የተሞላበት ፎቶ ባክአፕ ውስጥ ከገባ ማን ያገኘዋል? ሙሉውን ማምጣት ካልቻላችሁ ኤረር በሉ።

"ሰርቨሩ ከጠፋ ኢኖትኮን ነው ትክክለኛው"

ስሙ ይመስላል፣ ግን ኢኖትኮንን (107፣ "አልተገናኘም") ከርነሉ ራሱ የሚሰጠው የእናንተ ፕሮግራም ሲሞት ነው። ያንን መልእክት ያየ ሰው ሁሉ አንማውንት አድርጎ እንደገና ማውንት ያደርጋል፣ ያልተላከ ዳታ እናንተ ሜሞሪ ውስጥ ካለ አብሮ ይጠፋል።

"ኤረር ማለት መክሸፍ ነው"

ሁሌ አይደለም። ፎልደር ሪኔም ማድረግ የማይችል ስቶሬጅ ላይ 18 (ኢኤክስዴቭ፣ "ሌላ ዲስክ ላይ ነው") ብትመልሱ ኤምቪ (የፋይል ማዛወሪያ ትእዛዙ) ራሱ ኮፒ አድርጎ የድሮውን ይሰርዛል፣ ተጠቃሚው ስራው አለቀለት፣ በኢአይኦ ቢሆን ግን እዛው ይቆም ነበር። 116 (ኢስቴል፣ "የያዝከው ፋይል አርጅቷል") ደግሞ ፓዝ ሲፈታ ከመጣ ከርነሉ ካሹን ሳያምን አንዴ ደግሞ ይሞክራል፣ ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ በሌላ ሲተካ ይሄ ይጠቅማል።

"ቁጥሮቹ የትም አንድ ናቸው"

ትናንሾቹ በአብዛኛው አዎ፣ ከዛ በላይ አይደሉም። ኢኖሲስ ሊኑክስ ላይ 38፣ ማክ ላይ 78 ነው፣ ባዶ ያልሆነ ፎልደር የሚለው 39 እና 66 ነው። እኔ እዚህ ቁጥር የጻፍኩት እንድትለዩአቸው ነው፣ ኮድ ውስጥ ግን ሁሌ በስማቸው።

ቴስት ስታደርጉ ደግሞ የመቀየሪያ ፈንክሽኑን ብቻውን ቴስት ማድረግ አይበቃም። ሆን ብሎ እያንዳንዱን ኤረር የሚያነሳ የውሸት ባክኤንድ ስሩና ሲፒ፣ ኤምቪ፣ ጊት እና አንድ ዳታቤዝ እላዩ ላይ አስኪዱ፣ ከጎን ኤስትሬስ (የፕሮግራሙን ሲስተም ኮሎች የሚያሳይ መሳሪያ) ክፈቱና የትኛው ቁጥር የት እንደደረሰ፣ ፕሮግራሙም ከዛ በኋላ ምን እንዳደረገ ተከታተሉ። ኦሪጅናሉን ኤረር ከፋይሉ ስም እና ከተመለሰው ኮድ ጋር አንድ መስመር ላይ ሎግ አድርጉት፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ሰርቨሩ 503 ማለቱን የሚያውቅ ያ መስመር ብቻ ነው።