በጨርቅ ላይ ማተም ምንድን ነው?

አንድ ድንች ለሁለት ይከፈላል። በተቆረጠው ፊቱ ላይ በትንሽ ቢላ ቅጠል ይቀረጻል፤ ዙሪያው ተፍቆ ይወገድና ቅጠሉ ብቻ ከፍ ብሎ ይቀራል። በስፖንጅ ቀለም ተቀብቶ አቡጀዲ ላይ ይጫናል፣ ከዚያም ይነሳል። ጨርቁ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ይቀራል፤ መሐሉ ላይ ቀለም ያልነካቸው ጥቃቅን ነጭ ነጥቦች አሉበት። በጨርቅ ላይ ማተም ማለት ይኸው ነው።

ሙያው በውጭ ስሙ ብሎክ ፕሪንት ይባላል። እኔ ግን የራሳችን ቃል ይበቃዋል ባይ ነኝ። የቀበሌው ማኅተምም ማተሚያ ቤቱም የተጠሩት በዚሁ ግስ ነው፤ የማኅተሙም የድንቹም አሠራር አንድ ነው፦ ከፍ ያለው ቀለም ይይዛል፣ የጎደጎደው ባዶ ይቀራል።

እኛ አገር የልብስ ጌጥ ሲነሳ ቀድሞ ትዝ የሚለን ጥለት ነው። ጥለት ግን ካለቀ ጨርቅ ላይ የሚጨመር ነገር አይደለም። ሸማኔው በድሩ መሐል ባለቀለም ክር እያስገባ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይሠራዋል። ጥልፍ ደግሞ ባለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ ይገባል። ህትመት ከሁለቱም ይለያል፤ ክር አይጨምርም፣ ክር አያነሳም፣ ቀለሙ ፊቱ ላይ ብቻ ያርፋል። ገበያ ላይ የጥበብ መልክ የታተመበት ጨርቅ ያጋጠመው ሰው ገልበጥ አድርጎ ቢያየው ይለየዋል፤ ጀርባው የገረጣ ነው፣ በጣት ሲዳሰስም የክር ጉብታ የለውም። ይህን የማነሳው ስለሚያሳስበኝ ነው። ህትመት የሽመናን መልክ ሲቀዳ የሸማኔውን እንጀራ ይነካል፤ ራሱም የውሸት ጥለት ሆኖ ይቀራል። ቤታችን ቁጭ ብለን የምናትም ሰዎች ጥለት ከመኮረጅ የራሳችንን ቅጠል፣ የራሳችንን ወፍ፣ የራሳችንን ፊደል ብንቀርጽ ይሻላል።

ህትመት የራሱ ውበት እንዳለው ማየት የሚፈልግ ወደ ሕንድ ይመልከት። በራጃስታን ግዛት፣ ጃይፑር አጠገብ፣ ሳንጋኔርና ባግሩ የሚባሉ ከተሞች አሉ። እዚያ ሥራው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ማኅተሙ ከጠንካራ እንጨት ይቀረጻል፤ ለእያንዳንዱ ቀለም ለየብቻው ማኅተም አለው። መጀመሪያ የአበባውን ጠርዝ ብቻ የሚያወጣው ይመታል፣ ቀጥሎ ውስጡን የሚሞላው በላዩ ልክ በልክ ያርፋል። የባግሩ ጥቁር ቀለም ደግሞ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የዛገ ብረት፣ የፈረስ ጫማ ሳይቀር፣ ካልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ጋር ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ለቀናት ይብላላል። ጨርቁ አስቀድሞ እንደ ሻይ በሚጎመዝዝ የፍሬ ዱቄት ተነክሯል። ብረቱና ፍሬው ጨርቁ ላይ ሲገናኙ ይጠቁራሉ። ጥቁሩ የሚወለደው እዚያው ክሩ ላይ ነው ማለት ነው።

እንዲህ ያለው የሕንድ ጨርቅ በመካከለኛው ዘመን በመርከብ ግብፅ ድረስ ይሄድ ነበር፤ በጥንታዊቷ ካይሮ፣ በፉስጣጥ፣ ቁርጥራጩ በብዛት ተገኝቷል። አውሮፓ ሲደርስም ተወዳጅነቱ ከመጠን አለፈ። ፈረንሳይ የሐርና የሱፍ ባለሙያዎቿን ገበያ ለመከላከል የታተመ የጥጥ ጨርቅን ከ1686 እስከ 1759 ድረስ በሕግ ከልክላ ነበር። ጋና ውስጥ፣ ንቶንሶ በምትባል ከተማ ደግሞ አዲንክራ የሚባለው ጨርቅ የሚታተመው በቅል ስባሪ በተቀረጸ ማኅተም ነው፤ ቀለሙ ከዛፍ ቅርፊት ተቀቅሎ ይወጣል። ቅል እኛም ዘንድ ሞልቷል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ዋናው ጉዳይ ቀለሙ ነው። እኔ መጀመሪያ ያተምኩት የትራስ ልብስ ነበር፤ ልጆች ትምህርት ቤት በሚጠቀሙበት የውሃ ቀለም። ሲደርቅ ያማረ ነበር። በመጀመሪያው እጥበት ሳፋው ቀይ ሆነ፣ የትራስ ልብሱም ሮዝ። ያኔ ጥፋቱ የእጄ መስሎኝ ነበር። ችግሩ ግን የውሃ ቀለም ከክሩ ጋር የሚያያይዘው ነገር ስለሌለው ነው፤ ውሃ ያመጣውን ውሃ ይወስደዋል። ለጨርቅ ተብሎ የተዘጋጀ ቀለም ውስጥ ማጣበቂያ አለ። ይህ ማጣበቂያ ሲደርቅና ሲሞቅ የቀለሙን ቅንጣቶች ይዞ ክሩ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ አይፈታውም። የጨርቅ ቀለም ከጠፋ ሠዓሊዎች የሚጠቀሙበት አክሪሊክም ይሠራል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ጨርቁን ግትር ያደርገዋል። ስለዚህ ስስ አድርጎ መቀባት ነው።

ጨርቁ ጥጥ ይሁን። የምን ጨርቅ እንደሆነ ካልታወቀ ከጫፉ አንድ ክር መዝዞ ማቃጠል ነው፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ግን ተኮማትሮ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። ፖሊስተር በኋላ የሚመጣውን የካውያ ሙቀት አይችልም። ጥጡም ቢሆን አዲስ ከሆነ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ። አዲስ አቡጀዲ ሲነካ ደረቅ የሚለው ከፋብሪካ ሲወጣ ስታርች ስላለበት ነው፤ ቀለሙ ስታርቹ ላይ ካረፈ ከስታርቹ ጋር ይሄዳል። በዚያ ላይ ሳይታጠብ ከታተመ በኋላ ሲታጠብ ይሰበሰብና ሥዕሉን ያዛባዋል።

ማኅተሙን በተመለከተ ድንች ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ ግን ውሃ አለው። ከተቀረጸ በኋላ ፊቱ በጨርቅ ደረቅ ካልተደረገ ቀለሙን ያቀጥነዋል። በማግስቱም ይጨማደዳል። ላጲስ ወይም ያረጀ ነጠላ ጫማ ሶል ግን ደጋግሞ ያገለግላል፤ የሶሉን ቁራጭ እንጨት ላይ መለጠፍ ብቻ ነው። ፊደል መቅረጽ የፈለገ ሰው ደግሞ ገልብጦ መቅረጹን አይርሳ። "በ" እና "ሠ" ግራና ቀኛቸው ስለሚመሳሰል ሳይገለበጡ ቢቀረጹም ስህተቱ አይታይም፤ "ነ" እና "ረ" ላይ ግን ይታያል።

ሲታተም ጠረጴዛው ባዶ አይሁን። የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ በላዩ አሮጌ አንሶላ፣ በዚያ ላይ ጨርቁ። ጠንካራ ወለል ላይ የማኅተሙ ጠርዝ ብቻ ይወጣል፣ መሐሉ ይባክናል። ቲሸርት ከሆነ ቀለሙ ወደ ጀርባው እንዳያልፍ ውስጡ ካርቶን ይግባ። ቀለሙ ውስጥ ማኅተሙን መንከር አያስፈልግም፤ በስፖንጅ መታ መታ አድርጎ ማልበስ ይበቃል። ከዚያ ማኅተሙን ማሳረፍ፣ በመዳፍ ተረከዝ አንዴ ጠበቅ አድርጎ መጫን፣ ቀጥ አድርጎ ማንሳት። ጎተት ከተደረገ ጭራ ያወጣል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ምቶች ቁራጭ ጨርቅ ላይ መለማመድ ነው፤ እጅ ክብደቱን የሚያውቀው እዚያ ነው።

ሁለተኛ ቀለም የፈለገ፣ መጀመሪያ የሥዕሉን ጠርዝ ብቻ አትሞ፣ ሲደርቅ ውስጡን በቀጭን ብሩሽ መሙላት ይችላል። ለልጆች ደስ የሚላቸው ይኼኛው ነው። የቅጠሉን ጠርዝ ትልቅ ሰው ያትምላቸዋል፣ እነሱ ውስጡን ያቀልሙታል።

ሥራው ሲያልቅ አንድ ሙሉ ቀን ይደር። ከዚያ ስስ ጨርቅ በላዩ አልብሶ፣ እንፋሎት በሌለው ካውያ፣ በጥጥ ሙቀት፣ እያንዳንዱን ቦታ ለሦስት አራት ደቂቃ መተኮስ ነው፤ ካውያው እንዳያቃጥል ከቦታ ቦታ ይንቀሳቀስ። እጥበቱ ጥቂት ቀን ቢቆይ ጥሩ ነው። ሲታጠብም ተገልብጦ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ያለ በረኪና። ያቺ ሮዝ የሆነችው የትራስ ልብስ ደርቃ ስትተኮስ ቀለሟ እኩል ስለነበር በላይዋ በጥቁር የጨርቅ ቀለም ወፎች አተምኩባት፤ አሁንም ትታጠባለች፣ ወፎቹም አሉ።