የሕፃናት ሐኪሙ ጥያቄ፣ የቤቱ ሽጉጥና የመንግሥት እጅ፦ በአሜሪካ የሚዘወተሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአሜሪካ ልጁን ለመደበኛ ምርመራ የወሰደ ወላጅ፣ ስለ ክትባትና ስለ መኪና መቀመጫ ሲጠየቅ ቆይቶ «ቤት ውስጥ ጠብመንጃ ወይም ሽጉጥ አለ?» የሚል ጥያቄ ድንገት ቢቀርብለት መደንገጡ አያስገርምም። መሣሪያ መያዝ በሕገ መንግሥት የተረጋገጠ መብት በሆነበት አገር፣ ጥያቄው ከሐኪም አፍ ቢወጣም ከጀርባው መንግሥት ያለ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ሥጋቱ ከባዶ የመነጨ አይደለም፤ ነገር ግን አብረውት የሚነገሩት አብዛኞቹ አባባሎች ከሕጉ ጋር አይገጥሙም። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ሐኪሙ የሚጠይቀው ለመንግሥት ለማቀበል ነው»

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ አባላቱ ስለ መሣሪያ አቀማመጥ ከወላጆች ጋር እንዲነጋገሩ የሚመክረው፣ ስለ መዋኛ ገንዳና ስለ መድኃኒት አቀማመጥ እንዲነጋገሩ በሚመክርበት በዚያው ምክንያት ነው። ወላጁ መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትም። መልስ ከሰጠም፣ በሕክምና መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ቃል በ1996 በወጣውና በተለምዶ ሂፓ በሚባለው ሕግ ሥር የሚጠበቅ ምስጢር ነው። ይህ ጥበቃ ልዩ ሁኔታዎች አሉት፦ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲመጣ፣ በሰው ሕይወት ላይ የተቃረበ ከባድ አደጋ ሲኖር ወይም ልጅ እየተበደለ ነው የሚል ጥርጣሬ ሲፈጠር መረጃው ሊወጣ ይችላል። መሣሪያ በሕጋዊ መንገድ መያዝ ብቻውን ግን ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ አይገባም። የ2010 የጤና መድን ማሻሻያ ሕግም፣ በእርሱ የተሰጠው ሥልጣን የመሣሪያ ባለቤቶችን መዝገብ ለመያዝ እንዳይውል በግልጽ ይከለክላል።

«ሐኪሞች ይህን እንዳይጠይቁ በሕግ ተከልክለዋል»

ይህ አባባል መነሻ አለው። ፍሎሪዳ በ2011 ባወጣችው ሕግ፣ ሐኪሞች ለሕክምናው ወይም ለደኅንነት አግባብነት እንዳለው በቅን ልቦና ካላመኑ በቀር ስለ መሣሪያ እንዳይጠይቁና መልሱንም በመዝገብ እንዳያሰፍሩ ከልክላ ነበር። በየካቲት 2017 የአሥራ አንደኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ዳኞቹ በሙሉ በተሰየሙበት ችሎት፣ የሕጉን ዋና ዋና ክፍሎች የመናገር ነፃነትን ይጥሳሉ ብሎ ሻራቸው፤ መሣሪያ ያለውን ታካሚ በዚያ ምክንያት ማግለልን የሚከለክለውን ክፍል ግን አጸናው። እኔን የሚደንቀኝ፣ በቤተሰብ ግላዊነት ስም የወጣው ሕግ ራሱ መንግሥት በሐኪምና በታካሚ ንግግር መካከል የገባበት ሆኖ መገኘቱ ነው።

«የፌዴራል መንግሥት ማን ምን መሣሪያ እንዳለው በአንድ መዝገብ ይዟል»

የ1986 የመሣሪያ ባለቤቶች ጥበቃ ሕግ እንዲህ ያለውን አጠቃላይ የፌዴራል መዝገብ ይከለክላል። ገዢው የቀድሞ ታሪኩ ተጣርቶ ግዢው ሲፈቀድለት፣ ማንነቱን የሚገልጸው የማጣሪያ መረጃ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠፋል፤ የሞላው ቅጽ ደግሞ ከሻጩ ዘንድ ይቀመጣል። የግዛቶች ጉዳይ የተለየ ነው፤ ለምሳሌ በሃዋይና በዋሽንግተን ዲሲ መሣሪያን ማስመዝገብ ግዴታ ነው።

«ለደኅንነት ነው ካለ ፖሊስ ያለ ማዘዣ ገብቶ መሣሪያ ይወስዳል»

በሮድ አይላንድ ፖሊሶች፣ ራሱን ይጎዳል ተብሎ የተሠጋለት ሰው ወደ ሆስፒታል ከተወሰደ በኋላ፣ ያለ ማዘዣ ቤቱ ገብተው መሣሪያዎቹን ወስደው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት 2021 በሙሉ ድምፅ እንደወሰነው፣ ፖሊስ ለማኅበረሰቡ የሚሰጠው የእርዳታ ሥራ ብቻውን የመኖሪያ ቤትን ደጃፍ ለማለፍ ፈቃድ አይሆንም። እርግጥ ነው፣ አንድ ሰው በዚያች ቅጽበት አደጋ ላይ ሲሆን ያለ ማዘዣ መግባት አሁንም ይቻላል። በበርካታ ግዛቶች ያለው፣ አደገኛ ከሆነ ሰው መሣሪያ ለጊዜው የሚወሰድበት ሥርዓትም የሚሠራው በዳኛ ትእዛዝ ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝ ባለቤቱ በሌለበት ሊሰጥ መቻሉ ተገቢ ክርክር የሚያስነሣ ቢሆንም፣ ባለቤቱ ከዚያ በኋላ ቀርቦ የመከራከር መብት አለው።

«ልጄን አስተምሬዋለሁ፤ መሣሪያ አይነካም፤ የት እንዳለም አያውቅም»

ከሁሉም አመለካከቶች ብዙ ዋጋ የሚያስከፍለው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ከመንግሥት ጋር ምንም የማይገናኝና የሚፈርሰው በራሱ በቤቱ ውስጥ የሆነ ነው። በ2001 የታተመ አንድ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 የሆኑ 64 ወንዶች ልጆችን ሁለትም ሦስትም እያደረገ፣ እንዳይተኩስ የተደረገ እውነተኛ ሽጉጥ መሳቢያ ውስጥ ወደተቀመጠበት ክፍል አስገብቶ ተመለከታቸው። ከ29ኙ ቡድኖች 21ዱ ሽጉጡን አገኙት፤ 16ቱ አነሡት፤ በ10ሩ ውስጥ ቢያንስ አንድ ልጅ ቃታውን ሳበ። ካነሡት ወይም ቃታ ከሳቡት ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስለ መሣሪያ ጥንቃቄ ቀድሞ የተነገራቸው ነበሩ። በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ «ልጄ መሣሪያው የት እንዳለ አያውቅም» ካሉ ወላጆች 39 በመቶ የሚሆኑትን የገዛ ልጆቻቸው ቃል እንዳስተባበላቸው አሳይቷል። ማስተማር ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ የልጅ ጉጉት ግን ምክርን አይጠብቅም። የታዳጊዎች ራስን ማጥፋት ሲታሰብ ነገሩ ይብሳል፤ በዚያ ጊዜ ሽጉጡን የሚያነሣው ልጅ ምን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃልና። በ2020 በአሜሪካ ከ1 እስከ 19 ዓመት ባሉ ልጆችና ወጣቶች ዘንድ የጦር መሣሪያ የመኪና አደጋን አልፎ ቀዳሚ የሞት ምክንያት ሆኗል።

«ቆልፉ የሚል ሕግ መንግሥትን መኝታ ቤት ያስገባል»

ፍሎሪዳ በ1989 ቀዳሚ ሆና ያወጣችውና ሌሎች ግዛቶች የተከተሉት ሕግ፣ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ሁኔታ መሣሪያ የተወን አዋቂ ተጠያቂ ያደርጋል እንጂ ቤት ለቤት የሚዞር ተቆጣጣሪ አያቆምም። በአብዛኛው ሥራ ላይ የሚውለውም ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ለግዴታው ወሰን አለው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 የዋሽንግተን ዲሲን ሕግ የሻረው የሽጉጥ ክልከላውን ብቻ ሳይሆን፣ መሣሪያ በቤት ውስጥ ሁልጊዜ ተፈታቶ ወይም ተቆልፎ እንዲቀመጥ፣ ራስን ለመከላከል እንኳ እንዳይውል የሚያደርገውን ድንጋጌም ጭምር ነው። በአንጻሩ በሚሺጋን፣ በኅዳር 2021 በኦክስፎርድ ትምህርት ቤት አራት ተማሪዎችን የገደለው ታዳጊ ወላጆች በ2024 ሳያስቡ ሰው በመግደል ወንጀል ጥፋተኛ ተብለዋል። ግድያው ሲፈጸም በግዛቲቱ መሣሪያን ቆልፎ ማስቀመጥን የሚያስገድድ ሕግ ገና አልነበረም፤ ዐቃቤ ሕጎች የተጠቀሙት ከዚያ በፊት የነበረውን የግድያ ሕግ ነው።