ከምግብ በኋላ የሚወርድ የደም ግፊት ምንድን ነው?

እናቴ የምትታመመው በልታ ስትጨርስ ነበር። ሲርባት አይደለም። ሲደክማትም አይደለም። ምሳ ተበልቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ቡና ሊቆላ ሲል «ኧረ አጥወለወለኝ» ትላለች። ፊቷ አመድ ይመስላል። ዓይኗ ይጨልምባታል፣ ጆሮዋ ጭው ይልባታል። አንድ እሁድ ሳህን ይዛ ወደ ጓዳ ስትሄድ በሩ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሮጠን ስንደርስ ነቅታለች። ምን እንደሆነች ግን አታውቅም።

ሊጠይቃት የመጣ ሁሉ የራሱን ምክንያት ይዞ መጣ። ጎረቤታችን «ጨጓራ ነው» አለች። አንድ ዘመዳችን «ደም ማነስ ነው፣ ቀይ ሥር አብሏት» አለ። ሰው ፊት ስለበላች ዓይን ነው ያሉም ነበሩ። ማንንም አልወቅስም። ሰው በልቶ ወዲያው ሲዝለፈለፍ ያየ፣ ወይ ምግቡን ወይ አብሮ የተቀመጠውን ቢጠረጥር አይገርምም።

ክሊኒክም ሄድን፣ ሁለት ቦታ። የጨጓራ መድኃኒት ታዘዘላት። ደሟ ተመረመረ፣ ስኳሯ ተለካ፣ ግፊቷ ታየ። «ሁሉም ደህና ነው» ተባልን። ውጤቱ ትክክል ነበር። ነገር ግን በሁለቱም ጊዜ የተመረመረችው በጠዋት፣ በባዶ ሆዷ ነው። ሕመሙ የሚመጣው ደግሞ ከበላች በኋላ ነው። ሌባው ማታ የሚመጣበትን ቤት ቀን ቀን ብንጠብቅ ምን ልናገኝ?

ሦስተኛው ቦታ ያየቻት ወጣት ሐኪም አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት። «እማማ፣ ከበሉ ከስንት ደቂቃ በኋላ ነው የሚያዞርዎት?» እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኛም ልጆቿ አልጠየቅናትም። እናቴ ትንሽ አሰብ አድርጋ «ቡናው ሳይወርድ» አለች። ሐኪሟ ግፊቷን ቤት ውስጥ፣ ከምሳ በፊትና በኋላ ለክተን እንድንመጣ ነገረችን። ከምሳ በፊት 146 በ84 ነበር። ከበላች ከ45 ደቂቃ በኋላ 108 በ62 ሆነ። የላይኛው ቁጥር 38 ወርዷል፤ ያውም ተቀምጣ ሳለ።

ይህ ነገር በሕክምና ስም አለው። ፖስትፕራንዲያል ሃይፖቴንሽን ይባላል። ፕራንዲየም በላቲን ማዕድ ማለት ነው፤ ሃይፖቴንሽን ደግሞ የደም ግፊት መውረድ። ከማዕድ በኋላ የሚወርድ ግፊት እንደማለት ነው። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መለኪያ ይህ ነው፦ ሰው በልቶ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ አለ ይባላል። ከምግብ በፊት 100 እና ከዚያ በላይ የነበረው ከ90 በታች ከገባም እንደዚያው። ብዙ ጊዜ በጣም ዝቅ የሚለው ከተበላ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በእኛ ቤት ቡናው በሚቆላበት ሰዓት ማለት ነው።

ለምን ይወርዳል? ምግብ ሆድ ሲገባ አንጀት ብዙ ደም ይፈልጋል። ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ እንኳ ልብ ከሚረጨው ደም ሩብ ያህሉ ወደ ሆድ ዕቃ ነው የሚሄደው። ሲበላ ደግሞ ወደ አንጀት የሚሄደው በእጥፍ ሊጨምር ይችላል። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። ከታች ያሉት ሁሉ ባንድ ጊዜ ቧንቧ ሲከፍቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃው ይቀጥናል። በሰውነታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ጭንቅላት ነው።

ጤነኛ ሰው በልቶ የማይወድቀው ሰውነቱ ስለሚያካክስ ነው። አንገት ላይ ባሉት ትልልቅ የደም ሥሮች ግድግዳ ውስጥ ግፊትን የሚከታተሉ የነርቭ ጫፎች አሉ። ግፊቱ ትንሽ ሲቀንስ ወዲያው ለአንጎል ይነግራሉ። አንጎል ልብን «ፈጠን በይ» ይላል፣ የእግርና የእጅ ደም ሥሮችንም ያጠባል። እኛ ሳናዝ፣ ሳናውቅ ያልቃል። ይህ ሥራ በዕድሜ ይዘገያል። ስኳር ለብዙ ዓመት የኖረበት ሰው ነርቮቹ ሊጎዱና ጭራሽ መልስ ላይሰጡ ይችላሉ። ፓርኪንሰን የሚባለው፣ እጅ የሚያንቀጠቅጠውና እንቅስቃሴን የሚያዘገየው የአንጎል ሕመም ያለበትም እንዲሁ።

ነገሩ ስም ያገኘው ከፓርኪንሰን ሕመምተኛ ነው ማለት ይቻላል። በ1977 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ሰይር-ሃንሰን የተባለ ሐኪም ፓርኪንሰን ስላለበትና ከምግብ በኋላ ግፊቱ ስለሚወርድ አንድ ሰው ጻፈ። በ1983 ደግሞ ሊዊስ ሊፕሲትዝና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አረጋውያንን ከምግብ በፊትና በኋላ ለክተው ውጤቱን አወጡ። በዕድሜ የገፉት ሰዎች ግፊት ወረደ፤ የወጣቶቹ አልወረደም። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ በሚገባ ተጠንቷል። ግን አሁንም ብዙ ክሊኒክ ውስጥ አይጠየቅም፤ ምክንያቱ ደግሞ ቀላል ነው፣ ሐኪም ቤት ምሳ በልቶ ለመለካት የሚሄድ ሰው የለም።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ያደናግራል። እናቴ የምትታወቀው በደም ግፊት ታማሚነቷ ነው። ለዓመታት መድኃኒት ትወስዳለች። ታዲያ ግፊት ያለባት ሴት እንዴት ግፊት አነሳት? ሁለቱ አይጣሉም። እንዲያውም ከፍተኛ ግፊት ያለባቸው አረጋውያን ናቸው ለዚህ ይበልጥ የሚጋለጡት። በዚያ ላይ እናቴ ክኒኗን የምትውጠው ማዕድ ላይ ነው፣ እንዳትረሳው ብላ። መድኃኒቱም ምግቡም ባንድ ሰዓት ግፊቷን ወደ ታች ይጎትቱ ነበር። ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ለሚወስድ ሰውም ይህ መታሰብ አለበት፤ በደሙ ውስጥ ያለውን ውሃ ይቀንሳልና።

አሁን ወደ ገበታችን ልምጣ። ግፊትን ይበልጥ የሚያወርደው ብዙ ሆኖ ባንዴ የተበላ ምግብ ነው። ከቅባትና ከሥጋ ይልቅ ኃይል ሰጪው፣ ማለትም ስኳሩ፣ ዳቦው፣ ሩዙ፣ እንጀራው ይብሳል። ትኩስ ምግብ ከቀዝቃዛ ይልቅ ያወርዳል። አልኮል ይጨምርበታል። እስቲ የበዓል ምሳችንን አስቡት። እንጀራ በላይ በላዩ፣ የሚፋጅ ወጥ፣ ጠላ ወይም ጠጅ። ጠገብኩ ያለ ሰው ደግሞ «በሞቴ» ተብሎ ይጎርሳል። ጉርሻ ፍቅር ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ሰባ ዓመት ያለፋትን እናት ደጋግሞ ማጉረስ ለሰውነቷ ከባድ ሥራ መስጠት ነው።

ጾምም አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ፣ ውሃም ሳይጠጡ ቆይቶ ባንዴ መብላት፣ ወይም በረመዳን ቀኑን ውሎ በኢፍጣር ጣፋጭና ትኩስ ነገር መጀመር። ውሃ የጠማው ሰውነት መጠባበቂያ ደም የለውም። እናቴ ጾሟን እንድትተው የነገራት የለም፣ ብንነግራትም አትሰማንም ነበር። የተቀየረው ሲፈታ የሚበላበት መንገድ ነው፤ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ትንሽ፣ ቆይቶ ሌላ ትንሽ።

ቤት ውስጥ መለካት አያስቸግርም። ክንድ ላይ የሚታሰር ማሽን ይበቃል። ከመብላት በፊት አምስት ደቂቃ ዐርፎ፣ ወንበር ላይ ደገፍ ብሎ፣ ሳያወሩ መለካት ነው። ከዚያ ምግቡ እንደ ወትሮው ይበላል። ለምርመራ ብሎ መቀነስ አይገባም። ከበሉ በኋላ በ15፣ በ30፣ በ60፣ በ90 እና በ120 ደቂቃ ይለካል። በመሃል መነሳት መቀመጥ ከተበዛ ቁጥሩ ይዘበራረቃል። ምን እንደተበላ፣ መድኃኒቱ ስንት ሰዓት እንደተዋጠ፣ ምን እንደተሰማ ከቁጥሩ ጎን ይጻፋል። ሦስት ቀን ያህል፣ ቁርስም ምሳም ብትይዙ ጥሩ ነው። ቁርስ ላይ የባሰ የሚወርድባቸው ብዙ ናቸው። እኛ በልጄ ደብተር ጀርባ ላይ ነበር የጻፍነው፣ ሐኪሟ እሱን አይታ ነው የገባት።

ከምግብ በኋላ የሚያዞር ሁሉ ግን ይህ ነው ማለት አይደለም። ከተበላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ቆይቶ የሚያንቀጠቅጥ፣ የሚያልብ፣ እንደገና የሚያስርብ ከሆነ የስኳር ማነስ ሊሆን ይችላል። እሱ የሚታወቀው ደግሞ በዚያው ሰዓት ስኳርን በመለካት ነው፤ ጠዋት በባዶ ሆድ የተለካው አይነግርም። የጨጓራ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ምግቡ ቶሎ ወደ አንጀት ስለሚወርድበት ተመሳሳይ ነገር ሊያጋጥመው ይችላል። ደም ማነስ ቀኑን ሙሉ ነው የሚያደክመው፣ ምግብ አይጠብቅም። በልተው በደቂቃዎች ውስጥ ሰውነታቸው የሚያሳክክ፣ ከንፈር ወይም ጉሮሮ የሚያብጥባቸው ሰዎች ችግራቸው አለርጂ ነው፣ ባስቸኳይ ሐኪም ቤት ይወሰዱ። ደረት ጨምድዶ ሲይዝ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ሲጠቁር፣ አፍ ሲጣመም ወይም አንድ ጎን ሲዝል ቤት ሆኖ ግፊት እየለኩ መጠበቅ የለም።

ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከማዕዱ ይጀምራል። ከምግብ በፊት ሁለት ብርጭቆ ያህል ውሃ መጠጣት ግፊቱ እንዳይወርድ ይረዳል። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ግን የውሃውን መጠን ሐኪሙን ይጠይቅ። ሦስቱን ትልልቅ ማዕድ ወደ አምስት ስድስት ትንንሽ መከፋፈል ይጠቅማል። እንጀራው ቀነስ፣ ምስሩ፣ እንቁላሉ፣ ጎመኑ ጨመር ይላል። ከበሉ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል መቀመጥ ወይም ጋደም ማለት ነው፤ ቀስ ያለ የእግር ጉዞም እየተሄደ ሳለ ግፊቱን ደገፍ ያደርጋል፣ ለሚወድቅ ሰው ግን አብሮት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። ካፌይን ለአንዳንዶች እንደረዳ ታይቷል፣ ለሁሉም ግን አይሠራም። የእኛ ቡና ደግሞ የሚደርሰው ሰውየው ካዞረው በኋላ ነው። እነዚህ ካልበቁ ሐኪም የሚያዘው አለ። ለምሳሌ ለስኳር ሕሙማን የሚሰጠው አካርቦስ ምግቡ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ስለሚያዘገይ ለዚህም ይውላል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። ይህን አንብባችሁ የእናታችሁን የግፊት ክኒን አታስቁሙ። ስትሮክ የሚያመጣው ያልታከመ ግፊት ነው። የሚወሰድበትን ሰዓትና መጠን የሚቀይረው የሚከታተላት ሐኪም ነው። የእናቴን ክኒን ሐኪሟ ከማዕድ አርቃ በሁለት ማዕዶች መካከል አደረገችው። መጠኑን አልነካችውም።

ባለፈው ፋሲካ እናቴ ከሁላችንም ቀድማ ውሃዋን ጠጣች። ዶሮ ወጡ ሲወጣ ግማሽ እንጀራ በላችና እጇን ሰበሰበች። ታላቅ ወንድሜ ጉርሻ ይዞ ሲዞር «ለማታ አስቀምጥልኝ» አለችው። ከዚያ ትራስ ተደግፋ ከምጣዱ ፊት ቁጭ አለች። ቡናውን የቆላችው እሷ ናት።