ፎክ ሮክ የሚባለው የትኛው ነው?

ጊታር ይዞ ቀስ ብሎ የሚዘፍን ሁሉ ፎክ ሮክ ነው እንዴ? ጥያቄው ስለተደጋገመ ላስረዳ። አይደለም። ፎክ የሕዝብ ዜማ ወይም በዚያ መንገድ የተጻፈ ዘፈን ነው፤ ግጥሙ ይቀድማል፣ አጀቡ ቀላል ነው። በዚያ ላይ የሮክ ባንድ፣ ማለትም ድራም፣ ቤዝና ኤሌክትሪክ ጊታር ሲገባበት ፎክ ሮክ ይባላል።

ልዩነቱን በአንድ ዘፈን መስማት ይቻላል። ሁለቱ አሜሪካውያን ዘፋኞች ሳይመንና ጋርፈንከል «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሳይለንስ»ን በ1964 እ.ኤ.አ. ሲያወጡት ድራምም ኤሌክትሪክ ጊታርም አልነበረውም። ዘፈኑ ያለበት አልበም ገበያ አላገኘም። በ1965 ፕሮዲውሰሩ ቶም ዊልሰን፣ ሁለቱን ሳያማክር (ድፍረቱ!)፣ በዚያው ቅጂ ላይ የባንድ ድምፅ ጨመረበት። ድምፃቸውም ግጥሙም ያው ነው። በጥር 1966 በአሜሪካ አንደኛ ወጣ። ሁለቱን ቅጂዎች አከታትላችሁ ስሙ፤ ከእኔ ማብራሪያ ይሻላል።

«ፎክ ሮክ» የሚለው ስም በ1965 አሜሪካ ውስጥ መለመዱ አያከራክርም፤ ዘ በርድስ የተባለው የሮክ ባንድ የፎክ ዘፋኙን የቦብ ዲላንን ዘፈን በባንድ የሠራውም ያኔ ነው። የሚያከራክረው ድንበሩ፣ ማለትም የትኛው ፎክ ሮክ ነው የትኛው አይደለም የሚለው ነው። የእንግሊዝ ባንድ የሆኑት ፌርፖርት ኮንቬንሽን በ1969 «ሊጅ ኤንድ ሊፍ» በተባለው አልበማቸው የሠሩት ብዙውን የአገራቸውን ጥንታዊ ዜማ ነበር። ከዘመኞቹ ማምፎርድ ኤንድ ሰንስን አንዱ ፎክ ሮክ፣ ሌላው ኢንዲ ፎክ (ከኢንዲ ሮክ ጋር የተቀላቀለ ፎክ) ይላቸዋል። ለእኔ ሁለቱም ያስኬዳል።