አይጠየፍ፦ የደሴ የግብር አዳራሽና የከተማዋ ገበታ

ደሴ መሃል፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ፣ አንድ ትልቅ ያረጀ አዳራሽ ቆሟል። ስሙ አይጠየፍ ነው። ያሠሩት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ናቸው፤ ዘመኑም 1900ዎቹ ነው። የተሠራው ሰው ሊበላበት፣ ግብር የሚባለው ድግስ ሊደገስበት ነው። ስለ ደሴ ምግብ ቤቶች የሚያወራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከፒያሳ ይጀምራል። እኔ ግን ከዚህ ብጀምር ደስ ይለኛል። ሒሳብ ሳይጠየቅ ለስንቱ የተቆረሰበት ቤት ነውና።

ስሙ ራሱ ብዙ ይናገራል። አይጠየፍ ማለት ማንንም አይንቅም፣ ከማንም ጋር መቅረብን አይጸየፍም ማለት ነው። ማንን ነው የማይጠየፈው ሲባል ግን መልሱ ይለያያል። አንዳንዱ ደሃና መኳንንት እኩል የሚገቡበት ስለሆነ ነው ይላል። ሌላው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ጣሪያ ስር ስለሚስተናገዱበት ነው ይላል። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጥ ወሎን ወሎን ይሸተኛል። ሁለቱም ቢሆኑ ግን አይጣሉም።

ባለቤቱን ማወቅ ስሙን ለመረዳት ያግዛል። ንጉሥ ሚካኤል ሲወለዱ ስማቸው መሐመድ አሊ ነበር። የወሎ ኢማሞች ዘር ናቸው። ከቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ፣ በ1870 ዓ.ም.፣ ክርስትና ተነሡ፤ የክርስትና አባታቸው አፄ ዮሐንስ 4ኛ ነበሩ። በውድ ነው በግድ ነው የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ደሴንም ያቆረቆሯት አፄ ዮሐንስ ናቸው፤ እዚያ ሰፍረው ሳሉ ጭራ ያለው ኮከብ አይተው ተደሰቱና ስሟን ደሴ አሉ ይባላል። ያኔ ገና ራስ የነበሩት ሚካኤል ግን መቀመጫቸውን ከተንታ ወደዚህ አምጥተው ከተማ አደረጓት። አድዋ ላይ የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ዘመቱ። የአፄ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ። በ1906 ዓ.ም. ደግሞ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ደፉ። ያን ጊዜ ንጉሥ ያለ ግብር አዳራሽ አይታሰብም።

ግብር የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ገበሬው ለጌታው የሚከፍለው ማር፣ እህል፣ ከብት ግብር ይባላል። ጌታው ለሰው የሚያበላው ድግስም ግብር ነው። የገባው ተመልሶ በገበታ ይወጣል። ስለዚህ አዳራሹ የሚሞላው በአንድ ሰው ደግነት ብቻ አልነበረም። ከጀርባው የወሎ አራሽ ላብ አለ። ከአራሹም ሌላ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ሴቶች አሉ። ፈጪዋ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ ውኃ ቀጂዋ። ጠጅ ጌሾ ተደርጎበት ብዙ ቀን ይብላላል፤ ጠላውም እንደዚያው። ለአንድ ቀን ድግስ ጓዳው ቀደም ብሎ ሳምንታት ይሠራል።

በቀኑ ሰው ዝም ብሎ አይገባም። አጋፋሪው በር ላይ ቆሞ እንደየማዕረጉ ያስገባል። ጌታው ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጣሉ፤ ሲበሉ መጋረጃ ይጋረዳል። መኳንንቱና ካህናቱ ቀድመው ይቀርባሉ። ቀጥሎ ወታደሩ በተራ በተራ ይገባል፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይቀመጣል። አሳላፊዎች በየረድፉ እንጀራና ወጥ ያመላልሳሉ። ጥሬ ሥጋው በሸክም ይመጣና በገበታው መሃል ይያዛል፤ ሰው በየቢላው እየቆረጠ በአዋዜ ይበላል። ጠጁ በብርሌ፣ አንዳንዴም በቀንድ ዋንጫ ይቀዳል። ከዚያ አዝማሪው ይነሣል፣ ፉከራውም ይከተላል። የተረፈው ደጅ ለቆመው ነዳይ ይሰጣል። አያቴ «ግብር ያልበላ ወታደር ጌታውን አያውቅም» ትል ነበር። ግብር የመንግሥት ሥራም ጭምር ነበር፤ ሰውየው ማን አጠገብ እንደተቀመጠ ታይቶ ሹመቱ ይታወቃል።

ይህ ብዙ አልቆየም። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ንጉሥ ሚካኤል በሸዋ ጦር ተሸንፈው ተማረኩ፤ በግዞት ሳሉም አረፉ። አዳራሹ ግን ከባለቤቱ ተርፎ ብዙ መንግሥት አሳለፈ።

ገበታው ወደ ከተማው የወረደው ከዚያ ወዲህ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላን ደሴን ደበደበ፤ ሚያዝያ 7 ደግሞ ጦሩ ገባ። ጠላት ቢሆንም ፒያሳ የሚለው ስምና ፓስታው ቀርተዋል። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ አሰብ የሚወርደው መንገድ ለምግብ ቤቱ ትልቅ ነገር ሠራ። የአሰብ መኪና በሚመላለስበት ዘመን ኮምቦልቻና ደሴ የሹፌር ከተሞች ነበሩ። ሹፌር ደክሞት ይመጣል፣ ጥብስ ያዛል፣ ያድራል። ደህና ምግብ ቤት የሚታወቀውም በራፉ ላይ በቆመው የጭነት መኪና ብዛት ነበር። ከ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት በኋላ ያ ጉዞ ቆመ።

ወሎ ስለ መብላት ሲወራ 1966ን መዝለል አይቻልም። ያን ሰሞን ረሃቡ የገጠሩን ሰው እየነቀለ ወደ ዋናው መንገድ አወጣው። ደሴ በራፏ ላይ የሚበላ ያጣ ወገኗን አይታለች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነትም ከተማዋ ከ1 ወር በላይ በሌላ ኃይል እጅ ነበረች፤ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ተዘጉ፣ የተዘረፉም ብዙ ናቸው። እሳት መልሰው ያነደዱት ባለቤቶች ምስጋና ይገባቸዋል።

ዛሬ ፒያሳ ላይ ጠዋት ፉልና ፍርፍር፣ ቀን ጥብስና ሽሮ፣ ማታ ክትፎ ይገኛል። ሥጋ ቤቱ በራፉ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ይስላል፤ ገዢው አይቶ ይገባል። ሰርግ ሲሆንም ሙስሊሙ ደጋሽ ለክርስቲያን እንግዶቹ ለብቻ ያሳርዳል፣ ለብቻ ያስወጠውጣል። ክርስቲያኑም እንዲሁ ያደርጋል። ለአንዱ ጠጅ ሲቀዳ ለሌላው ብርዝ ወይም ቀሪቦ ይቀርባል። ማንም ሳይበላ እንዲሄድ አይፈለግም።

ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል። ሥጋ የለማ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ አንድ ትሪ ላይ ይመጣል። መስቀል ያሠረውም ኮፍያ ያደረገውም እጁን ታጥቦ ከዚያው ይቆርሳል።