ኳራንቲን እና አይሶሌሽን፦ የትኛው ተማሪ የት ይቆይ?

ወረርሽኝ ሲመጣ ርዕሰ መምህራንን ግራ ከሚያጋቡ ቃላት አንዱ «ለይቶ ማቆየት» ነው። በአማርኛ ለሁለት የተለያዩ ነገሮች እንጠቀምበታለን። አይሶሌሽን የታመመውን ከጤነኞች መለየት ነው። ኳራንቲን ደግሞ ከታመመ ሰው ጋር ንክኪ የነበረውን፣ ግን ገና ምልክት ያላሳየውን ሰው ነጥሎ መከታተል ነው።

አንድ ተማሪ ክፍል ውስጥ አተኮሰው፣ ያስለውም ጀመር እንበል። አጠገቡ የተቀመጠችውን ልጅ ምንም አላመማትም። ሁለቱንም «ተለይተው ይቆዩ» ብሎ አንድ ጠባብ ቢሮ ውስጥ ማስገባት ከባድ ስህተት ነው። ምናልባት ያልተያዘችው ልጅ እዚያው ትያዛለች! ለእሱ መስኮቱ የተከፈተ ለብቻው ክፍልና ማስክ ያደረገ አንድ ትልቅ ሰው ያስፈልገዋል። እሷ ወላጅ እስኪመጣ ሌላ ቦታ ትጠብቅ።

ብዙ ወላጅ «ልጄ ተመርምራ ነፃ ናት፣ ታዲያ ለምን አትማርም?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ርዕሰ መምህሩም ረጋ ብሎ ሊያስረዳ ይገባል። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ በምርመራ እስኪታይ ቀናት ይፈጃል። በኮቪድ ጊዜ ምልክቱ ብዙውን ጊዜ በ5 ወይም በ6 ቀን ይመጣ ነበር፤ እስከ 14 ቀን ሊዘገይም ይችል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ኳራንቲኑን 14 ቀን ያደረገው ለዚህ ነው። የትናንት ውጤት ለነገ ዋስትና አይሆንም።

ቆጠራው የሚጀምረው ከመጨረሻው ንክኪ ቀን ነው እንጂ ለወላጅ ከተደወለበት ቀን አይደለም። የቀኑን ብዛት የሚወስነው ደግሞ የጤና ባለሥልጣን ነው፤ ርዕሰ መምህሩ ከራሱ አይጨምርም፣ አይቀንስም።