የጎማ ላይነር ምንድን ነው? «ከእንግዲህ አይበሳም» ለሚሉ ሁሉ

«ላይነር አስገብቻለሁ፤ ከእንግዲህ ጎማዬ አይበሳም።» ይህን አባባል ሰሞኑን በተደጋጋሚ ሰማሁት። ባሕር ዳር ውስጥ ጎማቸው ወፍራም የሆነ ሳይክሎች፣ በተለይ ባለ ባትሪዎቹ፣ ብቅ ብቅ ሲሉ ላይነሩም ተከትሎ መጣ። ሻጩ «አይበሳም» ይላል፣ ገዢው ይደግመዋል። ከሳምንት በኋላ ጎማው መንገድ ላይ ሲተነፍስ ያው ሰው ተገልብጦ «ላይነር የሚባለው ነገር ማጭበርበሪያ ነው» ይላል። የመጀመሪያውም አባባል ልክ አይደለም፣ ሁለተኛውም ልክ አይደለም። ሁለቱም የሚሳሳቱት እዚያው አንድ ቦታ ላይ ነው።

ላይነር በጎማውና በከመነዳሪው መካከል ዙሪያውን የሚነጠፍ ረጅም ጥብጣብ ነው። አንዱ ዓይነት ስስ፣ ግን ጠንካራ፣ የሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ነው። የአሜሪካው ሚስተር ተፊ የዚህ ወገን ነው፤ ስፋቱ በቀለም ይለያል። ሌላው ወፈር ያለ ስፖንጅ መሰል ነገር ሲሆን ከመነዳሪውን ከታችም ከጎንም ያቅፈዋል። የኮሪያው ታነስ እንደዚያ ነው። ሥራቸው አንድ ነው። ከመንገድ ተነስቶ የጎማውን ጥርስ ወግቶ የሚገባ ነገር ከመነዳሪው ጋ እንዳይደርስ ማስቆም። ሌላ ሥራ የላቸውም።

ጎማ ግን በእሾህ ብቻ አይተነፍስም። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚመጣው ይህ ስለሚረሳ ነው።

አጥር አስቡ። ከመንገድ በኩል የታጠረ አጥር። ከመንገድ የሚመጣውን ጅብ ይመልሳል። አጥሩ ከግቢው ወርድ ካነሰ ጅቡ በጎን ዞሮ ይገባል፤ ጠባብ ላይነር ማለት ይህ ነው። የአጥሩ ሁለት ጫፍ የሚገናኝበት ቦታ በደንብ ካልታሰረ፣ ወደ ውስጥ የተቀሰረው እንጨት የሚወጋው የቤቱን ልጆች ነው፤ ይህ የላይነሩ መጋጠሚያ ነው። አጥሩ ላልቶ በተነካ ቁጥር እየተወዛወዘ የቤቱን ግድግዳ ከፋቀ፣ ግድግዳውን የሚያፈርሰው ራሱ አጥሩ ነው፤ ይህ ደግሞ ንፋሱ ባነሰ ጎማ ውስጥ ያለ ላይነር ነው። በጓሮ በኩል ከነጭራሹ አጥር የለም። ጓሮው ቸርኬው ነው። በጓሮ ሌባ ቢገባ የመንገዱን አጥር አንከስም።

ስለዚህ ጎማው ሲተነፍስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ላይነር አለው ወይ?» አይደለም። «ቀዳዳው የት ነው?» ነው። ከመነዳሪውን ንፉት፣ ውኃ ውስጥ ንከሩት፣ አረፋው የሚወጣበትን ቦታ እዩ። ቀዳዳው ሁሉን ነገር ይናገራል።

በጥርሱ በኩል፣ መሐል ለመሐል አንዲት ነጥብ የምታክል ቀዳዳ ካያችሁ እሾህ ወይም ሽቦ ነው። ላይነር የሚመለከተው ይህን ነው። ላይነር እያለ እንዲህ ከተበሳ ላይነሩን መጠየቅ ተገቢ ነው። ምናልባት ሸሽቷል፣ ምናልባት ስስ ነው፣ ምናልባት የወጋው ከጣት የሚረዝም የግራር እሾህ ነው። እንዲህ ያለውን ስስ ፕላስቲክ ሁልጊዜ አይችለውም።

ሁለት ትንንሽ ስንጥቆች ጎን ለጎን፣ ትንሽ ተራርቀው ካያችሁ ግን እሾህ የለም። ንፋሱ አንሶ ሳለ ድንጋይ ላይ ወጥታችኋል። ወይም የፍጥነት መቀነሻው ላይ ሳትቀንሱ ሄዳችኋል። ጎማው ተጨፍልቆ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው ጠርዝ መካከል ተቆርጧል። ስሱ ፕላስቲክ እዚህ ላይ ምንም አያደርግም። ወፍራሙ ስፖንጅ ትንሽ ያግዛል፣ ምክንያቱም በመካከል የሚጨፈለቅ ነገር ይሆናል። እሱም ግን የንፋስን ቦታ አይተካም።

ቀዳዳው በውስጠኛው ወገን፣ በቸርኬው በኩል ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የቸርኬው ነው። የቸርኬ ሽቦ ጫፍ ወጥቶ ይሆናል፣ ወይም የቸርኬው ላስቲክ ሸሽቷል። በወፍራም ጎማ ላይ ይህን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለ። የብዙዎቹ ሰፋፊ ቸርኬዎች ክብደት እንዲቀንስ ተብሎ ትልልቅ ቀዳዳ የተበጀባቸው ናቸው። ያንን ቀዳዳ የሚሸፍነው አንድ ስስ ላስቲክ ብቻ ነው። ላስቲኩ ካረጀ ከመነዳሪው በቀዳዳው በኩል እያበጠ ወጥቶ ይተረተራል። ላይነሩ በሌላኛው ወገን ተኝቶ ይህንን ሊያስቆም አይችልም።

ቫልቩ ሥር ከተቀደደ ጎማው ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ነው። ይህ የባለ ሞተሮቹ በሽታ ነው። ሞተሩ ኋላ ቸርኬ ውስጥ ያለ ከሆነ፣ ስትነሱ ቸርኬውን በኃይል ይጠመዝዘዋል። ንፋሱ ካነሰ ጎማው አብሮ አይዞርም፣ ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል። ከመነዳሪውን ይዞት ይቀራል። ቫልቩ ግን በቸርኬው ቀዳዳ ተይዟል። ቫልቩ ቀጥ ብሎ መቆሙን ትቶ ሲያዘነብል ካያችሁ ሳይቀደድ ድረሱበት።

የመጨረሻው ዓይነት የላይነሩ የራሱ ሥራ ነው። ከመነዳሪው ላይ ረጅም መስመር ይታያል። መስመሩ ላይ ጥቁሩ ላስቲክ ተወልውሎ ያብረቀርቃል፣ በጣት ሲዳሰስ ከሌላው ቦታ ስስ ነው፣ አንዱ ጋ ደግሞ ተበልቶ አልቆ ተቀዷል። መስመሩ የላይነሩን ጠርዝ ተከትሎ ይሄዳል። ቀዳዳው ላይነሩ በተደራረበበት ጫፍ ላይ ከሆነ ደግሞ መስመርም አትፈልጉ፤ የወጋው ጫፉ ነው። ይህን ያየ ሰው ነው «ማጭበርበሪያ» የሚለው፣ ንዴቱም ይገባኛል። ግን ያበላሸው ላይነር መኖሩ ሳይሆን አገባቡ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድ በደንብ የሚናገር ሰው «የወፍራም ጎማ ጥቅሙ በ5 ፒኤስአይ መሄዱ ነው፤ ላይነር ካለበት ደግሞ ጭራሽ አያሳስብም» ሲል ሰማሁ። ይህ አባባል ብዙ ከመነዳሪ ያስጨርሳል።

ፒኤስአይ ማለት በጎማ ውስጥ ያለው ንፋስ ግፊት የሚለካበት መለኪያ ነው። 5 ፒኤስአይ ውሸት አይደለም። ቁጥሩ የመጣው ግን ከበረዶና ከአሸዋ ነው። ወፍራም ጎማ ሳይክል ያደገው በአላስካ በረዶና በኒው ሜክሲኮ አሸዋ ላይ ነው። በብዛት ተመርቶ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው፣ የሰርሊ ኩባንያ ፓግስሊ፣ የወጣው በ2005 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እዚያ አንድ ሰው ብቻውን፣ ያለ ሞተር፣ በለስላሳ ነገር ላይ ይሄዳል። የሚቆርጥ የድንጋይ ጠርዝ ብዙም የለም። እኛ ጋ ሳይክሉ ባትሪና ሞተር ተሸክሟል፣ ከኋላ ሰው ተቀምጧል፣ ከፊት ፌስታል ተንጠልጥሏል፣ መንገዱ ኮብልስቶንና ኮረት ነው። ባለ 4 ኢንች ጎማ ለሆነ ባለ ሞተር ሳይክል በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ፒኤስአይ ነው የሚያስፈልገው። ከፍተኛው መጠን ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ አትለፉ።

«20 አይበዛም ወይ? የድሮው ሳይክሌ 40 ነበር፣ ይሄ ግን በ20 ድንጋይ ሆነ» የሚሉኝ አሉ። ትክክል ነው፣ እንደዚያ መሆን አለበት። የጎማውን ልብስ፣ ማለትም ላስቲኩ የተለበጠበትን ጨርቅ፣ የሚወጥረው ኃይል ንፋሱ በጎማው ስፋት ተባዝቶ ነው። 2 ኢንች ጎማ በ40 እና 4 ኢንች ጎማ በ20 ልብሳቸው እኩል ይወጠራል። ስለዚህ በወፍራም ጎማ ላይ የ3 እና የ4 ፒኤስአይ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው። በአውራ ጣት ተጭኖ «ደህና ነው» ማለት አይሠራም። ለመኪና የተሠራው ትልቁ መለኪያም ከታች ያለውን ቁጥር በደንብ አያሳይም። እስከ 30 ወይም 60 ብቻ የሚያነብ መለኪያ ፈልጉ።

ንፋሱ ሲያንስ ላይነሩም ይጎዳል። ጎማው በዞረ ቁጥር መሬት የነካው ቦታ ይዘረጋል፣ ከዚያ ይመለሳል። ውስጥ ያለው ላይነር በዚያ ሁሉ መታጠፍ ውስጥ ይንሸራተታል፣ ጠርዙ ከመነዳሪውን ይፍቃል። እንግዲህ ላይነር ስላለ ንፋሱን ያወረደ ሰው ላይነሩን ራሱን መጋዝ አድርጎታል ማለት ነው። ነገሩ በተቃራኒው ነው መሆን ያለበት። ላይነር ያስገባ ሰው ላይነር ካላስገባው ሰው የበለጠ ንፋሱን መከታተል አለበት።

ስፋቱም ሌላ ጣጣ ነው። 4 ኢንች ማለት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለተራ ሳይክል የተሠራው ላይነር የዚያን ግማሽ ቢሸፍን ነው። የወፍራም ጎማ ጥርስ ደግሞ ጠፍጣፋ ነው፤ መሬት የሚነካው ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው። መሐሉን ብቻ ሸፍኖ ኩርንችትን ማምለጥ አይቻልም። ኩርንችትን የማታውቁ ካላችሁ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ፣ ቢጫ አበባ ያላት ሐረግ ናት። ፍሬዋ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። እያንዳንዱ ቁራጭ እንዴትም ቢወድቅ አንዱ እሾህ ወደ ላይ ይቀሰራል። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲደርቅ በየመንገዱ ዳር ሞልታለች። ስለዚህ ላይነር ስትገዙ የጎማውን ጥርስ ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍነውን ፈልጉ። ከጥርሱ አልፎ ወደ ጎማው ጎን የሚወጣውን ግን ተዉት። ጎኑ ከሁሉ በላይ የሚታጠፍ ቦታ ስለሆነ እዚያ የደረሰ ጠርዝ ከመነዳሪ ይበላል።

በቤት የሚሠራውንም ልናገር። አሮጌ ከመነዳሪ ሰንጥቆ ማንጠፍ ጉዳት የለውም፤ ለስላሳ ስለሆነ አይቆርጥም፣ እሾህንም ብዙ አይመልስም። ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠው የተሻለ ይመልሳል፣ ጠርዙ በሞረድ ካልሳሳ ግን ይፍቃል። ከጀሪካን የተቆረጠ ፕላስቲክ በፍጹም አታስገቡ። ጠርዙ ቢላ ነው።

ላይነርን ከጄል ጋር የሚያምታቱም አሉ። ጄሉ ቫልቭ ውስጥ የሚፈስ ፈሳሽ ነው። መበሳትን አይከለክልም፣ ከተበሳ በኋላ ትንሹን ቀዳዳ ይደፍናል። ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም ይቻላል። ግን ጄል ያለበት ከመነዳሪ በኋላ ሲለጠፍ ማስቲሹ እምቢ ይላል፤ ፈሳሹ እየወጣ ቦታውን ያረጥበዋልና። ጎሚስታችሁ ቢያማርር እውነቱን ነው።

ላይነር ስታስገቡ መጀመሪያ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ወይም በጥጥ ጥረጉ። በእጃችሁ አይደለም፣ ትወጋላችሁ። ጥጡ የተያዘበት ቦታ ላይ እሾህ አለ። በተለይ ከፈነዳ የከባድ መኪና ጎማ የሚረግፈው ሽቦ እንደ ፀጉር ቀጭን ስለሆነ በዓይን አይታይም። እሱን ሳታወጡ ላይነር ብታነጥፉበት ቀስ እያለ ላይነሩንም ይወጋል። የላይነሩን ጫፎች በመቀስ ክብ አድርጉ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሳሱ፣ የሚደራረቡበትን ቦታ በአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ሸፍኑ። ከመነዳሪውን ቅርጽ እስኪይዝ ብቻ ንፉትና የሕፃን ፓውደር ነስንሱበት፤ እንዳይጣበቅና እንዳይፋቅ ነው። ወፍራሙን ስፖንጅ ከመረጣችሁ ቦታ ስለሚይዝ ከጎማው ጠበብ ያለ ከመነዳሪ ያስፈልጋችኋል። የጎማውን ስም የተጻፈበትን ቦታ ከቫልቩ ትይዩ አድርጋችሁ ግጠሙ። ሌላ ጊዜ ቢበሳ የከመነዳሪውን ቀዳዳ ከቫልቩ ለክታችሁ ጎማው ላይ የወጋውን ነገር ወዲያው ታገኙታላችሁ።

ታዲያ ላይነር ይገባ ወይስ አይገባ? ወደ ጢስ አባይ ወይም ወደ ገጠሩ መንገድ የምትወጡ ከሆነ ይግባ። የእሾህ አጥር በሚታጠርበት አካባቢ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲጎተት እሾሁ መንገዱ ላይ ይቀራል፣ እዚያ ላይነር ዋጋውን ይመልሳል። ከጊዮርጊስ እስከ አባይ ድልድይ በአስፋልት ብቻ የምትመላለሱ ከሆነ ግን በመጀመሪያው ገንዘብ መለኪያና ደህና ፓምፕ ግዙ።

ሞተሩ ኋላ ቸርኬ ውስጥ ላለ ሳይክል አንድ ነገር ልጨምር። ቸርኬውን ከመፍታታችሁ በፊት ባትሪውን አጥፉ፣ የሞተሩን ገመድ መጋጠሚያው ጋ ንቀሉ፣ በሁለቱም ወገን ያሉትን ሮንዴላዎች ቅደም ተከተል በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ሮንዴላው ተዛንፎ የገባ ሞተር ሲነሳ ዘንጉን ራሱን ያዞረዋል፣ ገመዱንም ጠምዝዞ ይበጥሰዋል። የዚያ ጥገና ደግሞ ከብዙ ከመነዳሪ ይበልጣል።